ሁሉም ወፍ ግሪሳ አይደለም

በገዳሪፍና በአካባቢዋ ስለ ወፍ ሲነሣ ሁላችንም ፈጥነን የምናስበው ግሪሳን ነው። ሱዳኖች ዱራ የሚሉት ማሽላ እሸት ሲይዝ እንደ ደመና ወርዶ ራሱን ባዶ የሚያስቀር ወፍ ስለሆነ ብንጠላው አያስገርምም። ችግሩ በእርሱ ምክንያት ክንፍ ያለውን ሁሉ በአንድ ዓይን ማየታችን ነው። ክረምቱ ገብቶ በየመጠለያው አጠገብ ባለችው ቁራሽ መሬት ላይ ሉቢያ፣ ለውዝ ወይም ማሾ ሲበቅል፣ ልጆቻችን የላስቲክ ወንጭፍ አንጠልጥለው በማሳው ዳር ያረፈውን ሁሉ ሲያሳድዱ ይውላሉ። እኛም «ጎበዝ፣ በርታ» እንላቸዋለን። ከሚያባርሯቸው መካከል ግን ብዙዎቹ ለሉቢያው ጠላት ሳይሆኑ ጠባቂ ናቸው።

ጥራጥሬ ለልጅ ማሳደጊያ የሥጋን ቦታ የሚተካ ምግብ ነው። ከራሽን የሚደርሰን ክክና ምስር እንደማይበቃ ማንም ያውቀዋል፤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህም ከገበያ ገዝቶ መጨመር እየከበደ ሄዷል። ስለዚህ በጓሮ የምትገኘው ሉቢያ ቀላል ነገር አይደለችም። ትል ሲገባባት ደንግጠን ወደ ገበያ እንሄዳለን። እዚያም በውሃ ጠርሙስ ተቀድቶ፣ ስሙም መጠኑም ሳይጻፍበት የሚሸጥ መርዝ ገዝተን ልጆች በሚጫወቱበት ጓሮ እንረጫለን። ይህን ከማድረጋችን በፊት በነፃ የሚሠሩልንን ሠራተኞች ማወቅ ይገባናል ብለን ስለምናምን ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

በመጀመሪያ ጠላታችንን እንወቅ። በጥራጥሬ ላይ ከሚደርሱት ተባዮች ዋነኛው በአገራችን ጓይ ትል የሚባለው ነው። በደንቢያና በጣና ዙሪያ በዋልካ መሬት ሽምብራ የዘራ ገበሬ በሚገባ ያውቀዋል። በሱዳንም በጥጥ፣ በማሽላና በጥራጥሬ ላይ ይገኛል። እናቲቱ በሌሊት የምትበርር ቡናማ የእሳት ራት ናት። እንቁላሏን አንድ አንድ እያደረገች በለጋ ቅጠልና በአበባ ላይ ትጥላለች፤ በዕድሜዋም ከአንድ ሺህ በላይ ልትጥል ትችላለች። እንቁላሉ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። ትሉ መጀመሪያ ለጋውን ቅጠል ይግጣል፤ ጠንከር ሲል ቆባውን ክብ አድርጎ ይበሳና ራሱን አስገብቶ፣ ገላውን ከውጭ ትቶ ፍሬውን ይበላል። አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ይሻገራል። አንድ ትል ብቻውን ከ30 እስከ 40 የሚደርስ የሽምብራ ቆባ ሊያበላሽ እንደሚችል የዘርፉ ባለሙያዎች ይናገራሉ። ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ከበላ በኋላ ወደ መሬት ወርዶ ጥቂት ጣት ያህል አፈር ውስጥ ይቀበራል፤ ቅርፊት ለብሶ ይተኛል፤ ከዚያም የእሳት ራት ሆኖ ይወጣል።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ትሉ ሲበላ ገላው ከቆባው ውጭ ነው፤ ሲተኛ አፈሩ ውስጥ ጥልቅ አይደለም፤ ራት ሲሆን ደግሞ በአየር ላይ ነው። በሦስቱም ቦታ የሚጠብቀው ወፍ አለ። የተክሉን ላይ ቃኝቶ የሚለቅመው አንድ ነው፣ አፈር ቆፍሮ የሚያወጣው ሌላ ነው፣ በበረራ ላይ የሚቀልበውም እንዲሁ ሌላ ነው። ሌሊቱን ደግሞ የሌሊት ወፍ ይረከባል። (የሌሊት ወፍ ስሙ እንጂ ወፍ አለመሆኑን፣ ልጆቹን ጡት የሚያጠባ እንስሳ መሆኑን ተማሪዎቻችን በሚገባ ያውቃሉ። ለእሳት ራት ግን ይህ ልዩነት ምንም አይጠቅማትም።)

ከወፎቹ ሁሉ በዚህ አገር ትልቁን ክብር የያዘው ሱዳኖች ሲምብር ወይም ሲምብሪያ የሚሉት ሽመላ ነው። ጀርባው ጥቁር ሆኖ በፀሐይ ወይን ጠጅና አረንጓዴ ያብረቀርቃል፤ ሆዱ ነጭ ነው። በሳይንስ መጻሕፍት የአብዲም ሽመላ ይባላል፤ አብዲም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የዶንጎላ ገዥ የነበሩ ሰው ናቸው። ይህ ወፍ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ካሉት አገሮች ተነሥቶ ዝናቡ ሊገባ ሲል ወደ ሱዳን ይመጣል፤ በትልልቅ ዛፎችና በቱኩል ጣሪያ ጫፍ ላይ ጎጆውን ይሠራል፤ ጫጩቶቹን በክረምቱ አሳድጎ ዝናቡ ሲያበቃ ይመለሳል። የሱዳን ገበሬ ሲምብር ሲያይ ዝናብ ደረሰ ይላል። በቤቱ ጣሪያ ላይ ቢሰፍርም አይነካውም፤ በረከት ነው ብሎ ያምናል። እኛም እንግዶች እንደመሆናችን ይህን ልማድ ልናከብር ይገባል። ይሁን እንጂ ለልማዱ በቂ ተግባራዊ ምክንያትም አለው። ሲምብር በመንጋ ሆኖ በማሳና በግጦሽ ላይ እየተራመደ ፌንጣ፣ ተምችና ልዩ ልዩ ትል ሲለቅም ይውላል። ጫጩት ያለው ወፍ ከራሱ አልፎ ለልጆቹ ስለሚሸከም፣ ሥራው የሚበዛው ሰብላችን ለጋ በሆነበት ወቅት ነው።

ሲምብር ሊሄድ ሲል የሚተካው ነጩ ሽመላ ነው። እርሱ ምንቃሩና እግሩ ቀይ፣ የክንፉ ጫፍ ጥቁር ነው። ከፖላንድና ከሌሎች የምሥራቅ አውሮፓ አገሮች ተነሥቶ በሲና በረሃና በዓባይ ሸለቆ በኩል እስከ ምሥራቅ ሱዳን ይወርዳል። በዚህ አካባቢና በቻድ ሣር ምድር ሳምንታት ቆይቶ፣ ፌንጣና ትል በልቶ ኃይል ካገኘ በኋላ ወደ ኬንያ፣ ወደ ታንዛኒያና እስከ ደቡብ አፍሪካ ጉዞውን ይቀጥላል። ድንበር የሚሻገር መንገደኛ ነው ማለት ነው። አንዳንድ ሰዎች ሥጋ ይሆናል ብለው ሲያጠምዱት ሰምተናል። አንድ ሽመላ ለአንድ ቀን ወጥ ይሆን ይሆናል፤ በማሳው ላይ የሚበላው ግን የብዙ ቤተሰብ ሰብል የሚበሉትን ነው።

ከብት ተከትላ የምትሄደውን ነጭ ወፍ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። አገር ቤት በሬ ጠምዶ የሚያርስ ሰው ከኋላው እነዚህ ነጫጭ ወፎች ተሰልፈው አፈሩ በተገለበጠ ቁጥር ትል ሲለቅሙ ያያል። በገዳሪፍም በትራክተር ኋላ ያንኑ ሥራ ይሠራሉ። ራሷ ላይ ማበጠሪያ የመሰለ ላባ ያላት፣ ዐረቦቹ ሁድሁድ የሚሏት ወፍ ደግሞ ረጅምና ቆልመም ያለ ምንቃሯን እንደ ወስፌ አፈር ውስጥ እየሰካች የተቀበረውን ትል ታወጣለች። ጓይ ትል ተኝቶ የሚገኘው እርሷ በምትደርስበት ጥልቀት ነው። ሁለመናዋ ጥቁር፣ ጅራቷ እንደ ሹካ የተከፈለችው ወፍ በእንጨት ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ስታይ ተወርውራ ትይዝና ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ሰማያዊ ክንፍ ያለውና በስልክ ሽቦ ላይ የሚታየው ወፍም አያያዙ እንደዚሁ ነው። ቀይና አረንጓዴው ንብ በል አንዳንድ ጊዜ በፍየል ጀርባ ላይ ተቀምጦ፣ ፍየሏ ስትራመድ የሚዘለውን ፌንጣ ይቀልባል። እርግጥ ስሙ እንደሚለው ንብም ይበላል፤ ስለዚህ ቀፎ ያለው ሰው ላይወደው ይችላል፣ አንፈርድበትም።

ጠቃሚውን ከጎጂው እንዴት እንለያለን ለሚለው ቀላሉ መንገድ ምንቃሩን ማየት ነው። አጭርና ወፍራም፣ እንደ ጉጠት የሆነ ምንቃር ዘር መፈልፈያ ነው። ቀጭን፣ ረጅም ወይም ቆልመም ያለ ምንቃር ትልና ነፍሳት መልቀሚያ ነው። ግሪሳና ድንቢጥ የመጀመሪያዎቹ ወገን ናቸው። እነርሱም ቢሆኑ ጫጩቶቻቸው እንደተፈለፈሉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚመግቧቸው ነፍሳት ነው። ግሪሳ ደግሞ የሚፈልገው የማሽላን፣ የዳጉሳንና የሣርን ትንንሽ ዘር እንጂ የሉቢያን ቆባ አይደለም። በማሽላ ላይ ጠላታችን የሆነው በጥራጥሬ ላይ ጠላታችን ላይሆን ይችላል ማለት ነው።

ይህን ሳያመዛዝን የተነሣ አንድ ትልቅ መንግሥት ነበር። በቻይና እ.ኤ.አ. በ1958 አይጥ፣ ዝንብ፣ ትንኝና ድንቢጥ «አራቱ ተባዮች» ተብለው ዘመቻ ታወጀባቸው። ሕዝቡ ድስትና ቆርቆሮ እየደበደበ ድንቢጦቹ እንዳያርፉ አደረገ፤ ደክመው እየወደቁ አለቁ። ድንቢጧ እህል እንደምትበላ ታይቶ ነበር፣ ትል እንደምትበላ ግን አልታሰበም። ከዚያ በኋላ ነፍሳት በሰብል ላይ በረከቱ። የሳይንስ ሰዎች አቤቱታ ካቀረቡ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1960 ድንቢጥ ከዝርዝሩ ወጥታ በቦታዋ ትኋን ገባ። በዚያ ዘመን ለደረሰው ታላቅ ረሃብ ሌሎች የከፉ ምክንያቶችም ነበሩት፤ የድንቢጧ ነገር ግን አባባሰው እንጂ አልጠቀመም።

ወደ ራሳችን አካባቢ እንመለስ። በገዚራ የጥጥ እርሻ ላይ የሆነው ከዚህ የተለየ አይደለም። በ1950ዎቹ በአንድ ወቅት አንድ ጊዜ ያህል ይረጭ የነበረው ፀረ ተባይ በ1970ዎቹ መጨረሻ ወደ 9 ጊዜ ደረሰ። መርዙ ተባዮቹን ብቻ ሳይሆን ተባዮቹን የሚበሉትንም ስለሚፈጅ፣ ተባዮቹ መርዙን እየለመዱ በበለጠ ቁጥር ተመለሱ፤ ነጭ ዝንብ የሚሏትና ቀድሞ ብዙም ያላስቸገረች ትንሽ ነፍሳት ዋነኛ ችግር ሆነች። ሱዳን ዲዲቲን ከጥጥ እርሻ ያስወጣችው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነበር። ጓይ ትልም በብዙ አገሮች የተለመዱትን መድኃኒቶች የለመደ ተባይ ነው። ከገበያ የተገዛው ተረጭቶ ትሉ ሳይሞት ሲቀር ሻጩ አታልሎን ብቻ ላይሆን ይችላል።

የወፎች ጥቅም በሙከራም ተረጋግጧል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ከተክሎቹ አንዳንዶቹ ወፍ በማያስገባ ነፍሳትን ግን በሚያሳልፍ መረብ ይሸፈናሉ፤ ሌሎቹ እንዲሁ ይተዋሉ፤ በመጨረሻ ምርቱ ይነጻጸራል። በታንዛኒያ በኪሊማንጃሮ ተራራ በቡና ላይ እንዲህ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ጥናት፣ ወፎችና የሌሊት ወፎች ባሉበት ፍሬ የያዘው አበባ በ9 በመቶ በልጦ ተገኝቷል። በዓለም ያሉ ነፍሳት በል ወፎች በዓመት ከ400 እስከ 500 ሚሊዮን ቶን ነፍሳት እንደሚበሉ በ2018 ከስዊዘርላንድ የወጣ ጥናት ገምቷል። እኛ መምህራንም በትምህርት ቤት ጓሮ ይህን ሙከራ ከተማሪዎች ጋር ልንሠራው እንችላለን። አጎበር ግን ለዚህ አይሆንም። ቀዳዳው ጠባብ በመሆኑ የእሳት ራቷንም ስለሚከለክል ውጤቱን ያበላሻል፤ ደግሞም አጎበር ለወባ ነው የተሰጠን። ሁለት ጣት የሚያስገባ የዓሣ መረብ ቁራጭ ይበቃል።

ታዲያ ወፎቹ ወደ ማሳችን እንዲመጡ ምን እናድርግ? በሕንድ አገር ሽምብራና የርግብ አተር የሚያመርቱ ገበሬዎች በማሳቸው ውስጥ የወፍ ማረፊያ ችካል ይተክላሉ። ወፍ የሚያርፍበት ከፍ ያለ ቦታ ካላገኘ ትሉን ቢያየውም አይቆይም። እንደ እኛ አካባቢ ዛፍ በሌለበት ሜዳማ ጥቁር አፈር ላይ ደግሞ ይህ እጅግ ያስፈልጋል። አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ተተክሎ በአናቱ ላይ ሌላ አጭር እንጨት በአግድም ይታሰራል፤ ቁመቱ ከሰብሉ ራስ ቢያንስ አንድ ክንድ ከፍ ማለት አለበት። ለአንድ ሄክታር 50 ያህል ይመከራል፤ በየ14 ሜትሩ አንድ ማለት ነው። ለጓሮ መሬት አንድ ወይም ሁለት ይበቃል። የሚተከለው ሰብሉ ማበብ ሲጀምር ነው። እንጨት ማግኘት ለሚከብደን (ለማገዶ እንኳ የምንሄድበትን ርቀት እናውቃለን) ከሉቢያው መካከል አልፎ አልፎ ማሽላ ወይም ሱፍ መዝራት ይቻላል፤ አገዳው ራሱ ማረፊያ ይሆናል። ማሽላው እሸት ሲይዝ ግን ግሪሳን እንዳይጠራ ራሱን ቆርጦ አገዳውን መተው ነው። በማሽላ ማሳ ውስጥም ችካል ተክሎ የነበረ ሰው እህሉ ወተት ሲይዝ መንቀል አለበት።

ሰብሉ ከተነሣ በኋላ መሬቱን ገልበጥ አድርጎ መተው ሌላው ዘዴ ነው። የተኛው ትል ይወጣል፤ ሁድሁድም ዶሮም ይለቅሙታል። በመጠለያው ዙሪያ የቀሩትን ግራር፣ በደኖና ቁርቁራ አለመቁረጥ፣ በበጋ ከቧንቧው የሚፈሰውን ውሃ በዝርግ ሳህን ማስቀመጥም ይረዳል። ሳህኑ ግን ትንኝ እንዳይራባበት በየቀኑ ይቀየር።

ወፍ ሁሉን ይሠራል አንልም። ክሽክሽ በቅጠል ሥር ተጣብቆ ጭማቂ ሲመጥ ዋናዋ ጠላቱ ቀይ ባለ ነጠብጣብ ጥንዚዛ እንጂ ወፍ አይደለም፤ ጥንዚዛዋን አትግደሏት። ለውዝን ከሥር የሚያበላሸው ምስጥ ከወፍ ምንቃር በታች ነው። በ2019 እና በ2020 በአገራችንም በሱዳንም የታየውን የመሰለ የበረሃ አንበጣ መንጋ ሲመጣም ሽመላ ተከትሎ ይበላል፣ ሊጨርሰው ግን አይችልም። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር አንበጣ ሊኖር ይችላልና። ቁራና ሱዳኖች ጂዳድ አልዋዲ የሚሏት ጅግራ ደግሞ የተዘራ ለውዝ ቆፍረው ይበላሉ። ስለዚህ ልጆችን ማሳ ማስጠበቅ የሚያስፈልገው ዘሩ እስኪበቅል ባሉት ሁለት ሳምንታት ነው። ከዚያ በኋላ ወንጭፉ ይሰቀል።

ትሉ ከወፎቹ አቅም በላይ ከሆነ በእጅ መልቀም በጓሮ መሬት አስቸጋሪ አይደለም። ጠዋት ጠዋት በውሃና በሳሙና ጣሳ ውስጥ እየከተቱ ማለፍ ነው። በሱዳን በየከተማው ለጥላ የተተከለውን የኒም ዛፍ ፍሬም መጠቀም ይቻላል። የደረቀው ፍሬ ተፈልፍሎ፣ ውስጡ ተወቅጦ፣ ግማሽ ኪሎው በጨርቅ ታስሮ በ10 ሊትር ውሃ ውስጥ ያድራል፤ በማግሥቱ ተጨምቆ ትንሽ ሳሙና ተጨምሮበት ወደ ማታ ይረጫል። ፀሐይ ስለሚያዳክመው በቀን አይረጭም። የኒም ዘይት ለሕፃናት እጅግ አደገኛ ስለሆነ ከልጆች እጅ ይራቅ።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለን። ግሪሳን ለማጥፋት በአውሮፕላን የሚረጨው ፌንቲዮን የተባለ መርዝ ነው፤ በሰው ነርቭ ላይ ከሚሠሩት መርዞች ወገን ነው። ከርጭት በኋላ በዛፍ ሥር ወድቀው የሚገኙ ወፎች አይለቀሙ፣ አይበሉ፣ ለውሻና ለዶሮም አይሰጡ። ጭልፊቱና ጥንብ አንሣው እነርሱን በልተው ይሞታሉ። በዱራና በሰሊጥ እርሻ በቀን ሥራ የምትሰማሩ ወንድሞችና እኅቶች ከርጭት በኋላ ወደ ማሳው ቶሎ አትግቡ። ከእርሻው የተጣለ የመርዝ ጀሪካንም ቢታጠብ ለመጠጥ ውሃ አይሆንም፤ ቀዳዱትና ቅበሩት። አንድ ሰው ምራቁ በዝቶ፣ ላብ አጥምቆት፣ እያስታወከ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ከጠበበ ወተት እያጠጣችሁ ጊዜ አታጥፉ። ልብሱን አውልቃችሁ ገላውን በሳሙና አጥባችሁ በፍጥነት ወደ ክሊኒክ ውሰዱት።

በመጨረሻ ብዙ ሰው የሚጠይቀን የነቀዝ ነገር ነው። ጎተራ ከገባ እህል ላይ ወፍ ሊያግዘን አይችልም። ነቀዝ እንቁላሉን የሚጥለው ገና በማሳ ሳለ በደረቀው ቆባ ላይ ስለሆነ ሉቢያውን እንደደረቀ ቶሎ ሰብስቡ። ከተፈለፈለ በኋላ በጥቁር ላስቲክ ላይ ስስ አድርጋችሁ አስጡት፤ በላዩ ነጭ ብርሃን አስተላላፊ ላስቲክ አልብሱና ጫፉን በድንጋይ ያዙት። በገዳሪፍ የቀትር ፀሐይ ሁለት ሦስት ሰዓት ሲቆይ ውስጡ ያለው እንቁላልና ትል በሙቀት ይሞታል። ከቀዘቀዘ በኋላ በታጠበና በደረቀ የምግብ ዘይት ጀሪካን ውስጥ እስከ አፉ ሙሉትና ክዳኑን አጥብቁ። ክፍት ቦታ በቀረ መጠን ነቀዙ የሚተነፍሰው አየር ያገኛል። ቢያንስ ሁለት ወር ሳይከፈት ይቆይ፤ በየቀኑ ለወጥ የሚወጣውን ከመጀመሪያው ለይታችሁ በሌላ ዕቃ አስቀምጡ።